የጋሼ ጠይብ ኖራ

ጋሼ ጠይብ በበርሜሎቻቸው መሃል በቀኝ ጎናቸው ተኝተው የተገኙት ምናለሽ ተራ ገና ሱቁን በመክፈት ላይ ሳለ ነው። ፊታቸው ወደ ቂብላ ዞሯል፣ ዓይናቸው ተከድኗል፣ ጋቢያቸው እስከ ትከሻቸው ተስቧል። ከጭንቅላታቸው ስር የረጋውን ደም ላላየ ሰው ከሥራ በኋላ ጋደም ያሉ ይመስሉ ነበር።

ኢንስፔክተር ማርያማዊትን ግን ከሬሳው ይልቅ ያስጨነቃት የተራው ዝምታ ነው። አዲስ ከተማ ተመድባ መርማሪ ከሆነች ጀምሮ በዚህ ተራ ጆሮዋን ሳትይዝ ያለፈችበት ቀን ትዝ አይላትም። እዚህ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ ብረት ይበየዳል፣ አሮጌ መኪና እንደ ቅርጫ በሬ ተበልቶ ብልት ብልቱ ለየባለቤቱ ይከፋፈላል። ዛሬ ግን ሚስማር የሚመታ እንኳ የለም። ባለሱቁም ተሸካሚውም እጁን አጣጥፎ በየደጁ ቆሟል።

«ምን ሆነው ነው?» አለችው ሳጅን ጴጥሮስን።

ጴጥሮስ አብነት ሰፈር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ የመርካቶን ነገር ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ዛሬ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። «ልማዳቸው ነው። ጋሼ ጠይብ በርሜል አጣቢ ነበሩ። የቤንዚን ይሁን የኬሚካል፣ የተዘጋ ዕቃ ሁሉ ወደ ተራው ሲገባ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ይመጣል። ውሃ ሞልተው አጥበው፣ ትነቱን አስወጥተው፣ አድርቀው ዙሪያውን ኖራ ይቀቡታል። ኖራ የተቀባ ዕቃ ላይ ማንም ዓይኑን ሳያሽ እሳት ይለቅበታል። ያልተቀባ አጠገብ ግን ክብሪት የሚጭር የለም።»

«እሺ፣ ዝምታው?»

«የእሳቱ ፈቃድ የሳቸው ነው። እሳቸው አፈር ሳይለብሱ እሳት መለኮስ ነውር ነው። ከሳቸው በፊት የነበሩት አጣቢ ሲሞቱም እንደዚሁ ነበር፤ ተራው የቀዘቀዘው እስኪቀበሩ ነው።»

ሐኪሙ ከሬሳው አጠገብ ተነስቶ ጓንቱን አወለቀ። በርሜል የሚታሰርበትን ከባድ ሞርሳ በአገጩ አመለከተ። «ተገፍተው በጀርባቸው እዚህ ላይ ወድቀዋል። ወዲያው ነው ያለፉት። ትናንት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግድም ይመስለኛል።»

በጀርባው የወደቀ ሰው በራሱ ጊዜ በጎኑ አይዞርም። አንድ ሰው አዙሯቸዋል፣ ዓይናቸውን ከድኗል፣ ጋቢያቸውን አልብሷቸዋል። ሌባ እንዲህ አይደክምም ብላ አሰበች። የገደላቸውና ያከበራቸው አንድ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ከጠላቶቻቸው መሃል መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ይሄን እያሰላሰለች ጴጥሮስ ከበርሜል ስር አንድ ነገር ጎትቶ አወጣ። ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ ክብ መስታወት የሆነ ግራጫ ብረት ነው። ከኋላው የተበጠሱ ቀጫጭን ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል። በኋላ ጠርዙ ዙሪያ የወርዱ ግማሽ የቀረ የኖራ ቀለበት አለ፤ የቀለበቱ ሌላ ግማሽ ብረቱ ከተፈታበት ሌላ ዕቃ ጋር እንደሄደ ያስታውቃል።

«የመኪና ፓውዛ ነው እንዴ?» አለ ጴጥሮስ እያገላበጠ።

ማርያማዊት አልመሰላትም። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ «ቀስ ብለህ አስቀምጠው» አለችው።

ማርያማዊት ያስጠራችው ሻለቃ ፈርሀት ከፈንጂ አምካኞቹ ክፍል ሲመጣ ገና ከበሩ ላይ ቆመ። አጭር፣ ፂሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ ችኮላ የማያውቅ ሰው ነው። ብረቱን ሳይነካው ዙሪያውን ዞሮ ተመለከተው፤ ከዚያ በርሜሎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረ።

«የቀረውስ?» አለ።

«ምኑ?»

«ይሄ ዓይኑ ነው። ቶራክ ይባላል፤ ቬልዲያ የሚባል አገር ሥራ ነው። አንዱ ተዋጊ አውሮፕላን በሌላው ላይ በቅርብ ርቀት የሚተኩሰው ሚሳይል ነው። ይሄ መስታወት ሙቀት ብቻ ነው የሚያየው፤ የሞተር ትኩሳት አይቶ ይከተላል። ዓይኑ ብቻውን ማንንም አይጎዳም። ፈንጂውና ነዳጁ ያሉት ከኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ነው።»

«ቱቦው የለም።»

«አይቻለሁ» አለ ሻለቃው። «ቬልዲያ ሠርታው እንዴት እዚህ እንደደረሰ አላውቅም፤ ያ የኔ ሥራ አይደለም። ሜዳ ላይ ቢወድቅ፣ ከመኪና ቢወረወር ምንም ላይሆን ይችላል። እሳት ከለቀቁበት ግን ይሄ ተራ ከነሰዉ አይተርፍም።»

ማርያማዊት ግማሹን የኖራ ቀለበት መልሳ አየች። ቱቦው የትም ይሁን፣ የያዘው ሰው በላዩ ላይ ያለውን ኖራ አይቶ ተማምኗል። ዛሬ ያልቆረጠው ስለፈራ አይደለም። ጋሼ ጠይብ ስላልተቀበሩ ነው።

ወደ አዛዥዋ ደወለች። በድምፅ ማጉያ እናውጅ ወይ ብላ ጠየቀች።

«መርካቶ መሃል ቦምብ የሚል ቃል ተናግረሽ የሚረጋገጠውን ሕዝብ ማን ያነሳዋል?» አላት አዛዡ። «ሲቪል የለበሱ ሰዎች እሰጥሻለሁ። በዝምታ ፈልጉ። የያዘው ሰው ከሰማም ፈርቶ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ይጥለዋል፤ ከዚያ ማን እንደሚያነሳው አታውቂም።»

ነገሩ እውነት ነበርና ስልኩን ዘጋች። መርካቶ ውስጥ አንድ ቱቦ መፈለግ ምን እንደሆነ ግን እሱ ቢሮው ተቀምጦ አያውቀውም።

መጀመሪያ ያገኙት ሾፌሩን ሳዳምን ነው። በመስታወቱ ብሎኖች ጥርስ ውስጥ ነጭ ነገር ተጠቅጥቋል፤ ጴጥሮስ በጣቱ ጫፍ ቀምሶ «ጨው ነው» አለ። ሻለቃው ፈንጂ ላይ ምላሱን የሚያሳርፍ ፖሊስ ዛሬ ገና ማየቱ ነው። ከአፋር አሞሌ ጭኖ የሚመጣ፣ ሲመለስም ሲሄድም ቁርጥራጭ ብረት የሚለቅም ሾፌር በተራው አንድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ትናንት ከቀትር በኋላ ይኸው ሾፌር ከጋሼ ጠይብ ጋር ሲጯጯህ ግማሽ ተራ ሰምቷል።

አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለ ርካሽ ሆቴል ቁርሱን ሲበላ ያዙት። ቀይ ዓይን፣ ወፍራም አንገት ያለው ሰው ነው። ጋሼ ጠይብ መሞታቸውን ሲነግሩት ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ።

«ጮኬባቸዋለሁ፤ አልክድም» አለ። «መንገድ ዳር አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው ያገኘሁት። ጥሩ አሉሚኒየም ነው ብዬ ከሌላው ብረት ጋር ጫንኩት። እሳቸው ግን ከየት አመጣኸው፣ ማን ሰጠህ እያሉ እንደ ዳኛ ወጠሩኝ። ብስጭት አልኩ። ዕቃውን ግን ትቼላቸው ነው የሄድኩት።»

«ለማን ነበር የሸጥከው?»

«ለረዲ። ብረቴን የሚገዛኝ ሁልጊዜ እሱ ነው። የተዘጋ ነገር ካለበት እንደ ደንቡ ጋሼ ጠይብ ጋ አራግፋለሁ፣ እሱ ከነኖራው ይወስዳል።»

«ፀሐይ ስትጠልቅ የት ነበርክ?»

«አብነት፣ ጋራዥ። ካምቢዮዬ ወርዶ ነበር። ከሜካኒኩ ጋር መኪና ስር ተኝተን ነው ያመሸነው።»

ጴጥሮስ አላመነውም። ማርያማዊትም ማመን አልፈለገችም፤ እጇ ላይ ያለው ተጠርጣሪ እሱ ብቻ ነው። ጋራዡን እስኪያጣሩ ማረፊያ ቤት አስገባችው።

ረዲ የተራው ትልቁ ብረት ገዢ ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሸራ አስወጥሮ ለለቅሶ የሚመጣውን ሰው ሲያስተናግድ አገኙት። ቀጭን፣ ሽበት የጀመረው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው፤ ዓይኑ አብጧል። እንባው የውሸት አልመሰላትም። በኋላም ስታስበው የውሸት አልነበረም።

«አብረን ነው ያረጀነው» አላት። «እኔ ገና ቆርቆሮ በጀርባዬ ስሸከም እሳቸው እዚሁ በርሜል ያጥቡ ነበር።»

«ሳዳም ያመጣውን ዕቃ ገዝተው ነበር?»

«አዎ። እንደ ደንቡ ጋሼ ጠይብ ጋ ሰደድኩት። ማታ መግሪብ ሳይደርስ ብቅ ብዬ ነበር፤ ኖራውን ሲቀቡት አይቻለሁ። ብሩሹ በእጃቸው ነበር። ‹ታጥቧል፣ ነገ ውሰደው› አሉኝ። ከዚያ አንዋር ሄጄ ሰገድኩ፤ ከጎኔ የነበሩት ምስክሮቼ ናቸው። ስወጣም ሰው ቤት ለኒካህ ተጠርቼ አመሸሁ።»

«ቱቦውስ?»

«እኔም አንቺኑ ልጠይቅሽ... ይቅርታ፣ እርስዎን ልጠይቅ ነበር። የገደላቸው ወስዶት ይሆናል።» ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ኢንስፔክተር፣ ቱቦው ይቅር። ሰውየው ሙስሊም ናቸው፤ ማደር የለባቸውም። ዛሬ አስርን ሰግደን እንድንቀብራቸው ይፍቀዱልን።»

ተጣራ። መግሪብን አጠገቡ የሰገዱት ሰዎች አዎ አሉ፤ የኒካሁ ቤትም አዎ አለ። ረዲ ከጥርጣሬ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያው በሰው ተሞላ። የተራው ሽማግሌዎች ከፊት፣ ረዲ ከመካከላቸው፣ ከሁሉም ኋላ የጋሼ ጠይብ ብቸኛ ልጅ አፍራ ቆማለች። መርካቶ ውስጥ ጫማ የምትሸጥ፣ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት፣ ጥቁር ሻርፕ ያጠለቀች ልጅ ናት። ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ እሷ ማርያማዊትን ብቻ ታያለች።

«ሐኪሙ መቼ ይጨርሳል?» አለች ተራዋ ሲደርስ።

ሐኪሙ ጨርሷል። ከሆስፒታል ደውሎ ከነገራት ቆይቷል፤ የቀረው የማርያማዊት ፊርማ ብቻ ነው። ብትፈርም ከአስር ሶላት በኋላ ጋሼ ጠይብ ኮልፌ መቃብር ይደርሳሉ፤ ከቀብር መልስ ደግሞ በየሱቁ እሳት ይለኮሳል። ከዚያ አንዱ ቱቦውን ይጎትትና ኖራውን አይቶ ቢስሚላህ ይላል።

«ገና ነው» አለች። «የሚቀር ምርመራ አለ።»

«ምን ዓይነት?»

«ልነግርሽ አልችልም።»

አፍራ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። «አባዬ ትናንት ሥራ ይዞት እዚያው ያደረ መስሎኝ ሳልፈልገው ቀረሁ፤ ዛሬም ብቻውን ይደር?» ብላ ዞራ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ቀርተው ወቀሷት፤ ረዲ ሁሉንም በትህትና እያረጋጋ ነገ ጠዋት እንመለሳለን አለ። ማርያማዊት በሩን ዘግታ ተቀመጠች። ዋሽታ አታውቅም ማለት አይደለም፤ ተጠርጣሪን መዋሸት ሥራዋ ነው። ሐዘንተኛ ልጅን መዋሸት ግን እንዲህ ያሳፍራል ብላ አላሰበችም ነበር። የገዛ አባቷ የተቀበሩበት ቀን ትዝ አላት።

በማግሥቱ ጠዋት የሳዳም ነገር ፈረሰ። የጋራዡ ሜካኒክ ብቻ ሳይሆን ካምቢዮውን በክሬን ያወረዱት፣ ሻይ ያቀበለቻቸው፣ መብራት የያዘላቸው ሁሉ መሰከሩለት። ሲቪል ለባሾቹም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሐኪሙ ደግሞ ሬሳውን ለምን እንደያዘች ሁለቴ ደውሎ ጠየቃት፤ የማርያማዊት መልስ ሁለቴም «ገና ነው» ነበር።

መሄጃ ስታጣ ወደ ጋሼ ጠይብ ግቢ ተመለሰች። አፍራ ቀድማት ደርሳለች። የአባቷን ዕቃ እየሰበሰበች ነው፤ ባልዲ፣ የኖራ ጣሳ፣ አሮጌ ቦት ጫማ። ሰላምታም አልሰጠቻት።

ማርያማዊት ባዶ ጄሪካን ገልብጣ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ ለባለቤቶቻቸው ያልተመለሱ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም አፋቸው ወደ ላይ፣ ሁሉም ወገባቸው ላይ ነጭ ቀለበት። ከቀለበቱ የተንጠባጠበው ኖራ ግን አቅጣጫው ግራ አጋባት። ወደ ታች መውረድ ሲገባው ወደ ላይ፣ ወደ አፋቸው ወጥቷል።

«አፍራ» አለች፣ «ኖራ እንዴት ወደ ላይ ይንጠባጠባል?»

አፍራ ለመመለስ ዳር ዳር አለች፤ ከዚያ ስለ አባቷ ሥራ ዝም ማለት አልቻለችም። «ወደ ላይ አይንጠባጠብም። አባዬ ያጠበውን ዕቃ በአፉ ደፍቶ ነው የሚያደርቀው። ጠብታ ውሃ ካልቀረው በኋላ እዚያው እንደተደፋ ይቀባዋል። ኖራው ወደ አፉ ይወርዳል። ኖራው ከደረቀ በኋላ ነው ቀና የሚያደርገው።»

«ሁሌ?»

«ተደፍቶ ያልደረቀ ዕቃ ላይ አባዬ ብሩሽ አያሳርፍም። ሲያስተምረኝም መጀመሪያ የነገረኝ እሱን ነው።»

ማርያማዊት ስልኳን አውጥታ የመስታወቱን ፎቶ ከፈተች። ቱቦው የተፈታው በመስታወቱ በኩል ነው፤ አፍ ቢባል አፉ እሱ ነው። ጋሼ ጠይብ ቢቀቡት ኖራው ወደ መስታወቱ በወረደ። ፎቶው ላይ ግን ጠብታው መስታወቱን ሸሽቶ ወደ ኋላ ወርዷል። የቀባው ሰው ቱቦውን ግድግዳ አስደግፎ፣ መስታወቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው የቀባው፤ ሳይታጠብ፣ ሳይደፋ። ጋሼ ጠይብ ይህን ኖራ አልቀቡም። ሲቀቡት አይቻለሁ፣ ብሩሹ በእጃቸው ነበር ያለ ሰው ግን አለ። ያየው የራሱን እጅ ነው።

ረዲ መግሪብን የሰገደው ከገደለ በኋላ ነው።

ወዲያው ልታስይዘው ስልኳን አነሳች፤ አስቀመጠችው። ረዲ ቱቦውን የት እንዳደረገው ቢናገር ወንጀሉን ማመን ይሆንበታል፤ ስለዚህ አይናገርም። እሱ ዝም ባለ ቁጥር ቱቦው የሆነ ሰው ጥግ ላይ ቆሞ ቀብሩን ይጠብቃል። ይሄን ሁሉ ብቻዋን መሸከም አልቻለችም፤ አፍራን አጠገቧ አስቀመጠቻትና ሁሉንም ነገረቻት። ሐኪሙ ትናንት እንደጨረሰም አልደበቀቻትም።

አፍራ የያዘችውን የኖራ ጣሳ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች።

«መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበር» አለች። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች፤ ማርያማዊትም አልከፋትም። «አባዬ ይቆይ ብዬ እኔው እፈርምልሽ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው እንዳይቃጠል ሲለፋ የኖረ ሰው ነው።»

«አሁንም ልትረጂኝ ትችያለሽ። ቀብሩ የሚዘገይ ከመሰለው፣ ቱቦው ማስረጃ ሆኖ እንዳይገኝበት ራሱ ይሄድበታል።»

ረዲን አፍራ ራሷ አነጋገረችው፤ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ እየሰሙ። ገዳዩ ሳይያዝ አባቴን አልቀብርም፣ ሳምንትም ቢሆን ወርም ቢሆን ሆስፒታል ይቆይ ብዬ ለፖሊስ ፈርሜያለሁ አለች። ድንኳኑ ታመሰ። ሐራም ነው አሏት፣ መከሯት፣ ተቆጧት። ረዲ ብቻ ሰዓቱን አየ። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፤ ጫማውን አጥልቆ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ጴጥሮስ ከሩቅ ተከተለው፤ ማርያማዊትና ሻለቃው ከጴጥሮስ ኋላ። አፍራን ቅሪ ብትላት አሻፈረኝ አለች። ረዲ በውስጥ ለውስጥ መንገዶች እየተጠማዘዘ እህል በረንዳ ገባ። እዚያ እንደ መርካቶ ልማድ ሰው ከሰው፣ ጋሪ ከጋሪ ተሰናስሏል። የጤፍ ጆንያ የተሸከሙት «ዞር በሉ» እያሉ ይገፏቸዋል። ጴጥሮስ ጠፋባቸው። ማርያማዊት ላብ አጠመቃት፤ የሚገፋት ሕዝብ ሁሉ ምን አጠገቡ እንዳለ አያውቅም።

ጴጥሮስ ከአንድ ቆርቆሮ በር አጠገብ እጁን አነሳ። ውስጡ የብየዳ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ሰሚር ለእህል ነጋዴዎች የወንፊትና የወፍጮ ዕቃ የሚሠራ ወጣት ነው። ተራው ውስጥ ባይሆንም ብረቱን ከዚያ ስለሚገዛ ደንቡን ያከብራል፤ ለሚሠራው ወፍጮ እህል ማውረጃ እንዲሆነው ነው ከረዲ ቱቦውን የወሰደው። ማርያማዊት በሩ ላይ ስትደርስ ቱቦው መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ግማሽ ኖራው ፊት ለፊት ይታያል። ሰሚር ጥቁር መነጽሩን አድርጎ የእሳት መቁረጫውን ለኩሷል። ረዲ አጠገቡ ቆሟል።

«መቼ ነው የተቀበሩት? እኔ እኮ አልሰማሁም» እያለ ነው ሰሚር በሐዘን።

«አሁን ከኮልፌ መመለሳችን ነው» አለ ረዲ። «በቶሎ ቁረጠው፤ ጋራዥ የሚጠብቀኝ ሰው አለ።»

ሰሚር ሰማያዊውን እሳት አስተካክሎ ጎንበስ አለ። ማርያማዊት ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ቢደነግጥና እሳቱ ከእጁ ቢወድቅስ ብላ ተወችው። አፍራ ግን በአጠገቧ አልፋ ገባች። ቀስ ብላ ነው የሄደችው፤ ሰሚር ሊያያት በሚችልበት በኩል ዞራ ቆመች።

«ሰሚር» አለችው፣ «አባዬ አልተቀበረም። እሳቱን አጥፋው።»

ሰሚር ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ረዲን አየ። ረዲ ወደ መሬት ያያል። ሰሚር ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ጋዙን ዘጋው፣ መነጽሩን አነሳ፣ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የጋሼ ጠይብ ልጅ አልተቀበረም ካለች አልተቀበረም።

ሻለቃው ሁሉንም አስወጣቸው። ጴጥሮስ የረዲን እጅ ሲያስር ረዲ አልታገለም። ቱቦው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሻለቃው በለሆሳስ ሲነግረው ግን ጆንያ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ቆሞ ሊያስቆርጠው ነበር።

«ነግረውኝ ነበር» አለ ማንም ሳይጠይቀው። «አፉን ከፍቼ ውሃ ባፈስበት አልገባም አሉኝ። ውሃ የማይገባው ዕቃ ሆዱ ሙሉ ነው፣ ኖራ አልቀባም፣ ለፖሊስ እነግራለሁ አሉ። እኔ በተሰረቀ የመብራት ሽቦ አንዴ ተይዤ ነበር፤ ፖሊስ ዳግም ደጄ ከመጣ ሱቄ እንደሚታሸግ ነግረውኛል። ያረጁ ሰው ስለሆኑ እንዲሁ የፈሩ መሰለኝ። ብሩሹን ወስጄ ራሴ ልቀባ ስል ያዙኝ፤ ስንጓተት ገፋኋቸው። ለመግደል አልነበረም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቀባሁት። ወደ በሩ ስጎትተው መስታወቱ ተፈቶ ወደቀ፤ የት እንደገባ አላየሁም። ለሰሚር እንዲያደርስ የጠራሁት ተሸካሚ በር ላይ ነበር፤ መሞታቸውን አላወቀም፤ ጋቢ አልብሻቸው ነበር።»

ማርያማዊት የሰውየውን ፊት ማየት አቃታት። ሰው ገድሎ ዓይኑን ከድኖ ወደ ቂብላ ማዞር፣ ከዚያ የውሸት ኖራ ቀብቶ እሳት ላለበት ሰው መላክ። የትኛው እጁ ነው የሱ እጅ ብላ ተናደደች፤ አዘነችም።

ፊርማዋን ያኔውኑ ፈረመች። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ በር ላይ ተራው በሙሉ ተሰብስቧል፤ ትናንት ሲወቅሷት የዋሉት ሽማግሌዎች ነገሩን ሰምተው በዝምታ መንገድ ለቀቁላት። ረዲን የያዘው የፖሊስ መኪና ዳር ላይ ቆሞ ነበር፤ ወደ ጣቢያ ሲወስዱት በዚያ እንዲያልፉለት ለምኖ ነው። ጀናዛው ሲወጣ ባየ ጊዜ ማርያማዊትን በመስኮቱ ጠራት።

«እጄን አይፍቱት» አላት። «እንዲሁ እንደታሰርኩ ከኋላ ሆኜ የጀናዛውን ሶላት ልስገድባቸው። ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ሰግጃለሁ። ልጅቱን ይጠይቁልኝ።»

መጠየቁ ከበዳት፤ ግን ጠየቀች። አፍራ የአባቷን ቃሬዛ ጠርዝ በእጇ ይዛ ቆማለች። ወደ መኪናው ዞር ብላ ረዲን አየችው፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነበር።

«ጠዋት ለሰሚር ቀብሬ መጣሁ ብሎት የለ» አለች። «እሱ ቀብሮታል። ሁለቴ አይቀብርም።»

ከዚያ ቃሬዛውን ለወንዶቹ ለቀቀችላቸው። ሽማግሌዎቹ አነሱት፤ ጴጥሮስም በአንድ በኩል ትከሻውን ሰጠ፤ የፖሊስ መኪናው ወደ ጣቢያ ታጠፈ።